ከላይ የታሰረው

ያን ሰሞን ኮምፒዩተሩን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ዜሮ ይለኛል። እንደገና አስጀምረዋለሁ፤ ዜሮ። አጥፍቼ አብርቼ፣ ለአቡዬ ተስዬ አስጀምረዋለሁ፤ አሁንም ዜሮ።

ሥራዬ የበግ ነው ስል ሰው ይስቃል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ምርምሬ ግን የመዘዞን በግ ጉበት እየበላ የሚጨርሰው ትል ላይ ነው። ትሉ ያለ እሱ መኖር የማይችል አንድ ፕሮቲን አለ። ያንን ፕሮቲን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ መድኃኒት ቢገኝ ትሉ ይሞታል፣ የገበሬው በግም ይተርፋል። መድኃኒት በብልቃጥ መሞከር ውድ ነውና መጀመሪያ ሁለቱንም በኮምፒዩተር ሞዴል ሠርተን እናቀራርባቸዋለን፤ ፕሮግራሙ በመካከላቸው ያለውን መሳሳብ አስልቶ ይነግረናል። የኔዎቹ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው እንኳ አይተዋወቁም።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የተቀመጠው አዲሱ መምህር ጠረጴዛ መደብደቤን ሲሰማ ቆይቶ ብድግ ብሎ መጣ። ኪዳነወልድ ይባላል። በጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚያስተምር፣ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ ራሱም ዲያቆን የሆነ ቀጭን ሰው ነው። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ክር ጣልቃ የገባበት ማዕተብ አለ።

"አያይዘሻቸዋል" አለኝ ስክሪኑን አንዴ አይቶ።

"አላያያዝኩም።"

"አያይዘሻል።"

"የታለ? አሳየኛ!" አልኩና ዝርዝሩን እየከፈትኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። በፕሮግራሙ ግራ በኩል ሁሉም ነገር እንደ ዘር ሐረግ ተደርድሯል። ከላይ ትልቁ ስም አለ፤ ከሱ ሥር ቡድኖች፣ ከቡድኖቹ ሥር ትንንሽ ቡድኖች፣ ከሁሉም ሥር እያንዳንዷ አቶም። አንዱን ቡድን ከሌላው ጋር ማያያዝ ይቻላል። የተያያዙ ነገሮች አብረው ይዞራሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። በመካከላቸው የኬሚካል ትስስር ኖሮ አይደለም፤ ሠሪው አብረው ይሁኑ ስላለ ብቻ ነው።

"አንቺ የምትፈልጊው ታች ነው" አለ ኪዳነወልድ። "የታሰረው ላይ ነው።" ዝርዝሩን እየዘጋ፣ እየዘጋ ወደ ላይ ወጣና ትልልቆቹ ቡድኖች ጋ ሲደርስ አንዲት ትንሽ የሰንሰለት ምልክት አሳየኝ። "መጀመሪያ ስታስገቢያቸው እንዳይበታተኑብሽ ብለሽ ያሰርሻቸው ይሆናል። ላይ የታሰረ ደግሞ ከሥሩ ላለው ሁሉ ይተርፋል። ፕሮግራሙ የተያያዙትን አንድ አካል ነው የሚላቸው። አንድ አካል ከራሱ ጋር ምን ይሳሳባል? አያሰላውም።"

"ታዲያ ከታች ሆኜ ስለያያቸው ለምን አይለያዩም?"

"ከታች አይፈታም። ያሰርሽበት ድረስ መውጣት ነው።"

ምልክቷን አንዴ ጠቅ ሲያደርጋት ቁጥሩ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ ቀን ያለቀስኩበትን ነገር እንዲህ በአንድ ጣት። እሱም ምንም ሳይል ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ዝምተኛ ሰው ጠብ ለሚወድ ሰው መከራ ነው። በዓመቱ እሱን ሳላይ ከዋልኩ ቀኑ የማይመሽልኝ ሆንኩ።

ኪዳነወልድ ስለ እናቱ ሲያወራ አይጠግብም። እናቴ እንዲህ አለች፣ እናቴ እንዲህ ትላለች። ማዕተቡንም የገመደችለት እሷ ናት፤ አረንጓዴ ክር ካላስገባች ደስ አይላትም። "እናታችን በል እንጂ፣ ነገ የኔም አይደሉም እንዴ?" ስለው ይስቃል።

"ሳንጋባ? አይሆንም። የሰርጋችን ዕለት እልሻለሁ።"

"ቃል?"

"ቃል።"

ሽማግሌ ተላከ። የኛ አገር ሰው እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የሆነ አይጋባምና ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጠሩ። አባቴ አቶ ፍቃዱ የመርሐቤቴ፣ እናቴ የደነባ፤ የኪዳነወልድ ወገን ደግሞ እዚያው አንኮበር ተወልዶ አንኮበር የሚቀበር ነው። ሰባት ቤት ወደ ላይ ተቆጥሮ የትም አልተገናኘንም። እኔ ጓዳ ሆኜ አያት ከቅድመ አያት ሲጠራ እየሰማሁ እነዚያን የፕሮግራሙን ቅርንጫፎች አስብ ነበር፤ እዚህ አንድ ዛፍ፣ እዚያ አንድ ዛፍ፣ የማይነካኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ የሰርጉ ወርም ተቆረጠ።

በጥር ወላጆቹ ለትውውቅ ጠባሴ ወዳለው ቤታችን መጡ። አባቱ ቄስ ዘርአ ዳዊት መስቀላቸውን አሳልመውን ተቀመጡ። እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ደቃቃ፣ ዓይነ አፋር ሴት ናቸው፤ ጉንጬን ይዘው ደጋግመው ሳሙኝና ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ዓይናቸውን ከኔ አላነሡም። አባቴ ጡረታ የወጣ ጤና ረዳት ነው፤ እንግዳ ሲያገኝ የሚያወራው ወግ አያልቅበትም። ሁለተኛውን ብርጭቆ አረቄ እንደቀመሰ አማቾቹን ደስ ያሰኘ መስሎት የሚወደውን ወግ ጀመረ።

"እኔም እኮ የአንኮበር ሰው ነኝ! ይቺን ልጅ የወለድናት ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ስሠራ ነው። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ልናስነሣት ሽቅብ ወጣን። የክርስትና እናት የምትሆናት የባለቤቴ ባልንጀራ ከዚህ ከደብረ ብርሃን ልትመጣ ነው፤ ልብሱም እሷ ጋ ነው። ጭጋጉ መኪናውን አስቀረው። ቄሱ ይጠብቃሉ፣ ልጅቱ ትጮኻለች፤ ያን ጊዜም ቁጡ ነበረች! መቼም ያን ቀን ሳትጠመቅ ልትመለስ ነው ስንል አንዲት የማናውቃት ሴት ከጥግ ተነሥታ 'እኔ አነሣታለሁ' አለች። ከጉያዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? አዲስ የሕፃን ልብስ! ያውም የክርስትና! እስቲ በሞቴ፣ ለማታውቀው ልጅ ልብስ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል? እኔ እስከ ዛሬ መልአክ ናት እላለሁ። ወዲያው ወደ ሌላ ወረዳ አዘዋወሩኝና ዳግም አላየናትም። ስሟን እንኳ የምናውቀው የክርስትናዋን ነው፤ ወለተሐና።"

ይህን ወግ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ሰው ይደነቃል። ያን ቀን ማንም አልተደነቀም። የወይዘሮ ብዙነሽ እጅ መሶቡ ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

"ጥለቱ አረንጓዴ ነበር" አሉ።

"ኧረ አረንጓዴ ነበር! እንዴት አወቁ?" አለች እናቴ።

"የፈተልኩት እኔ ነኝ።" ወደኔ ዞሩ። ከዚያ እናትና አባቴ ብቻ በሚያውቁት በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። "ጽጌ ማርያም! ጽጌ ማርያም ልጄ!"

እናቴ እልል አለች። ሁለቱ ሴቶች ምግቡን አልፈው ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ተሳሳቁ፤ አባቴ እያጨበጨበ "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?" ይላል። ወይዘሮ ብዙነሽ እኔን አንገቴን ይዘው አልለቅ አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ምን አለ? የሚያገባኝ ሰው እናት ከጸበሉ ያነሣችኝ ሴት ሆና ስትገኝ!

ቀና ስል ኪዳነወልድን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ኋላ እንደነገረኝ፣ ልጅ ሳለ እናቱ ማታ ማታ ጸሎት ስታስደግመው መጨረሻው "እህቴን ጽጌ ማርያምን ባለችበት ጠብቅልኝ" ነበር። ማን እንደሆነች ሲጠይቃት "ያነሣኋት ልጅ ናት፣ የት እንዳለች አላውቅም" ትለው ነበር። ከሁላችንም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ቀጥሎ አባቱ ናቸው። ቄስ ዘርአ ዳዊት ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

"ብዙነሽ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "እልልታውን ተዉት። እህቱ ናት።"

ለማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የክርስትና እናት ልጅና ያነሣቻት ልጅ ወንድምና እህት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አታጋባቸውም። ሰባት ቤት ሽቅብ ስንቆጥር ማንም ጸበሉን አልቆጠረውም። እናቴ እልልታው አፏ ላይ እንዳለ ቀረ፤ አባቴ ያጨበጨበባቸውን እጆቹን እያየ ተቀመጠ። ምስኪን አባቴ ከዚያ ወዲህ ወግ ጀምሮ ሲጨርስ አላየሁትም።

እኔ አልተቀበልኩም። የምቀበል ሰው አይደለሁም። "አንድ ጠብታ ደም የለንም!" ብዬ ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግቼ ኪዳነወልድ ላይ ጮኽኩበት። "ሰው ያሰረውን ሰው ይፈታዋል! ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም!"

"እሺ" አለኝ።

"እሺ ብቻ?"

"እሺ ካልሽ እንፈራረማለን።"

በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኪዳነወልድ ቅዳሴ አልገባም። ጧፍ ይዞ ከሚቆምበት ከመቅደስ ርቆ፣ ከቅጥሩ ውጪ ግንቡን ተደግፎ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ አየሁት። ገና ምንም ሳናደርግ ራሱን አስወጥቷል። እሺ ያለኝ ይህን ሁሉ ቆጥሮ ነው። ይወደኛል፤ ከኔ ጋር ይኖራል፤ እኔ ደግሞ በየእሑዱ ግንብ ሲደገፍ አየዋለሁ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ተስፋ ያልኩት ሁሉ ከእግሬ ሥር ሲንሸራተት ተሰማኝ።

ተስፋ በሌላ በኩል መጣ። ቄስ ዘርአ ዳዊት ከልጃቸው በላይ ተጨንቀው ኖሮ መምህራቸውን የኔታ ገብረመንፈስቅዱስን ሄደው ጠይቀዋል። የኔታም እንዲህ አሉ፦ ሴትዮዋ ሕፃኗን ያነሣችው መንገድ ላይ በቀረችው ሴት ስም ከሆነ፣ የክርስትና እናት የምትባለው የቀረችው ናት፤ ይቺኛዋ ክንዷን ብቻ ነው ያዋሰችው። በራሷ ስም ከሆነ ግን አለቀ። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፤ አባቴና እናቴ በዚያ ጭንቅ ምን እንደተባለ አልሰሙም። የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

"ሂድና ጠይቃት" አልኩት ኪዳነወልድን።

"እኔ ከጠየቅኳት ትዋሻለች። ዓይኔን አይታ ትዋሻለች።"

"ትዋሽ!"

ራሱን ነቀነቀ። "እሺ፣ እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። "አንተ አይደለህ እንዴ ያሰሩበት ድረስ መውጣት ነው ያልከኝ?"

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎረቤላ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሽቅብ ነው፤ ጭጋጉ ከገደሉ እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ይገልጠዋል። የምለውን እየተለማመድኩ ወጣሁ። ልለምን አልነበረም የሄድኩት፤ ልጣላ ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ሰፌዱን አስቀምጠው ለመነሣት ሞከሩ፤ ሳልስማቸው አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ አንድ ቃል ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"አውቄያለሁ። ቄሱ ነግረውኛል።"

"በዚያችኛዋ ስም ነው ያነሣኋት ይበሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።"

ምስሩን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። እኔ ለጠቡ ተዘጋጅቻለሁ።

"እላለሁ" አሉ።

"ምን?"

"እላለሁ ልጄ። ሰኞ የኔታ ፊት ቆሜ እላለሁ። ኪዳኔ ከስቷል፤ አንቺም ከስተሻል። የኔ ቃል ምን ዋጋ አለው?"

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ሳምኳቸው፣ ሳቅኩ፣ እንባዬን በነጠላቸው ጠረግኩ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ባለ ትዳር ነበርኩ። ደስታው ነው ያስለፈለፈኝ። የአባቴ ወግ ትዝ አለኝና እየሳቅኩ ጠየቅኋቸው።

"ግን እማማ፣ ያ ልብስ ከየት መጣ? አባቴ እኮ እስከ ዛሬ ከሰማይ ነው የወረደው ይላል።"

አልሳቁም።

"የልጄ ነው" አሉ። "ከኪዳኔ ቀጥሎ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ሰማንያዋ ሳይሞላ፣ ሳትጠመቅ ሞተችብኝ። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ፍትሐት የለ፣ ስም የለ። በጸሎት እንኳ ምን ብዬ ልጥራት? ያን ቀን ሰማንያዬ ነበር። እሷ የለችም እንጂ እኔ ቤተ ክርስቲያን መግባት የተፈቀደልኝ ቀን ነው። ልብሷን ገና ሳረግዛት ነበር የፈተልኩት። ጥዬው መሄድ አቃተኝ፣ በጉያዬ ይዤው ሄድኩ። ለእመቤታችን እሰጠዋለሁ ብዬ ጥግ ላይ ሳለቅስ አንቺ ጮኽሽ።"

ሰፌዱ ላይ ያለውን ምስር አያለሁ።

"ያጠመቁሽ ቄስ 'ይቺን ሕፃን ልጄ ናት ብለሽ ትቀበያለሽ ወይ?' አሉኝ። 'አዎ፣ ልጄ ናት' አልኳቸው። ልብሱ ልክሽ ነበር። ጽጌ ማርያም ሲሉሽ፣ እግዜር ልጄን ስም ሰጥቶ መለሰልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ስጠራ ስምሽን ነው የምጠራው። ሁለታችሁንም በአንድ ስም።" እጄን ያዙኝ። "አሁን ልጄ አይደለችም ብል ምንም አይደለም። እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ። እናንተ ናችሁ ገና። አይክፋሽ፤ እላለሁ።"

የፈለግኩት ቃል በእጄ ነበር። መነሣትና ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው የቀረኝ። ራሴን ሰደብኩት፤ ተነሺ አንቺ፣ ሂጂ አልኩት። ኪዳነወልድ ጋቢውን ደርቦ ቁርስ ሲበላ፣ ልጆቻችን ጠባሴ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ታየኝ። ሁሉም እዚያው ነበር፣ በአንድ ቃል ርቀት። ያሰሩበት ድረስ ወጥቼ ቋጠሮውን አግኝቼዋለሁ፤ ነገር ግን ብፈታው ከሥሩ የተንጠለጠለች ሌላ ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ ከኔ ስም ሌላ ስም የላትም። እናቷ የኔታ ፊት ቆማ ልጄ አይደለችም ስትል ሁለተኛ ልትሞት ነው። ልቤ እየተቀደደ "አይበሉ" አልኩ።

"እንዴት?"

"አይበሉ እማዬ። ልጄ ናት ይበሉ።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጭንቅላቴን እቅፋቸው ውስጥ ከተው እንደ ሕፃን ያዙኝ፣ ሁለታችንም ድምፃችንን አውጥተን አለቀስን። ከዚያ ቤት ገብተው ጥቁር ክር ይዘው ወጡ። ስጠመቅ ማዕተብ ያሰሩልኝ ያጠመቁኝ ቄስ ነበሩ፤ የሳቸው ፈትል ሳይደርስልኝ ተለያይተናል። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ገመዱት፣ አረንጓዴ ክር ጣልቃ አስገቡበት፣ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ጭጋጉን እያየሁ ያቺ ዜሮ ትዝ አለችኝ። ያን ጊዜ በደንብ አልገባኝም ነበር። ፕሮግራሙ በተያያዙ ነገሮች መካከል ዜሮ ሲል መሳሳብ የለም ማለቱ አይደለም። አላሰላሁትም ማለቱ ነው። መሳሳቡ እዚያው አለ፣ የሚቆጥረው የለም እንጂ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ ሲሉኝ ሰው ሞቶብኝ ነው አልኳቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ገባን። ኪዳነወልድ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው የቆመ ይመስል ከንፈሩ በብርድ ደርቋል። ስወርድ ሲያየኝ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አንገቴን አየ። የእናቱን ግምድ፣ አረንጓዴውን ክር። እጁ ሳያስበው ወደ ራሱ ማዕተብ ሄደ።

እንዲቆጣኝ ፈለግኩ። ለምን ብሎ እንዲጮኽብኝ፣ አንዴ እንኳ በዕድሜው ጠረጴዛ እንዲመታ። ዓይኑ እንባ ሞላና ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፣ ጣቱ እንኳ ሳይነካኝ። ትንሽ ራቅ ብሎ ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እናታችን ደኅና ናት?" አለኝ።